ከወፏ ጋር የዞረው ሐይቅ

ሰሌዳው ላይ የተሳለችው ወፍ ልክ ነበረች። ረጃጅም እግሮቿን ውሃ ውስጥ ተክላ፣ ፊቷን ወደ ጽሑፉ መልሳ፣ እንደታዘዘችው ቆማለች። ሴትየዋ ስልኳን ከፍ አድርጋ ሁለት ፎቶ አነሳቻት፤ ሦስተኛውን ልታነሳ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል ነው ሐይቁ ራሱ ከሰሌዳው በላይ ብቅ ያለላት። ሥዕሉ ላይ ሸምበቆው በቀኝ ነው። ሐይቁ ላይ ሸምበቆው በግራ ነው። መጀመሪያ እሷ ያለቦታዋ የቆመች መሰላት። ሰሌዳውን ዞራ ከጀርባው አየችው፣ ተመልሳ መጣች፣ የምትጽፍበትን እጇን አንስታ ቀኟ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ሰሌዳው ትናንት ከሰዓት በኋላ በአራት ብሎን ታስሯል፤ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሰማንያ ተማሪዎች መረብ መረባቸውን ይዘው ሲመጡ ይመረቃል።

ሐይቁ ሐይቅ ይባል እንጂ የድሮ ድንጋይ ማውጫ ነው። ድንጋዩ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን ጉድጓዱን ዝናብ ሞላው፤ ዝናቡን ተከትሎ ወፍ መጣ፣ ወፉን ተከትሎ ቲኬት ቆራጭ መጣ። በግራ በኩል፣ ድሮ ጋሪዎቹ ይወጡበት በነበረው፣ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ልጅ ሃያ እርምጃ ቢገባ ጉልበቱን አያልፈውም። በቀኝ በኩል ግን ድንጋዩ እንደ ግድግዳ ተቆርጦ የቀረበት ነው፤ እዚያ አንድ እርምጃ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ እርምጃ የለውም። ክፋቱ ደግሞ በዚያ በኩል ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ውሃው ላይ ተንሳፈው ስለሸፈኑት ለማያውቀው የታጨደ ሣር ይመስላል። ሰሌዳው የተሠራው ይህንኑ ለማስተማር ነበር። ውሃው እንደ ዳቦ ከጎኑ ተቆርጦ ይታያል፤ በጥልቁ በኩል የሚኖረው ዓሣ፣ ጥልቅ ባልሆነው በኩል የሚኖሩት የእንቁራሪት ግልገሎች፣ ከሥር ደግሞ ትልቅ ቢጫ ቀስት፤ «መረባችሁን ይዛችሁ በዚህ በኩል ግቡ፤ ውሃው እስከ ጉልበት ነው።» ቢጫው ቀስት አሁን የሚያሳየው ወደ ሣር መሳዩ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም። እሷና ወንድሟ ከሰሌዳ ጸሐፊ አባታቸው የወረሱት አንድ የሙያ ሕግ አለ፤ ነፍስ ያለው ፍጡር ለጽሑፍ ጀርባውን አይሰጥም። ፈረስም ይሁን አዞ ፊቱን ወደሚነበበው ይመልሳል፤ አለበለዚያ የተመልካች ዓይን እሱን ተከትሎ ከሰሌዳው ወጥቶ ይሄዳል። ዛሬ የሥራ ቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ ይስላል፤ እሷ ከባለሙያዎች የሚመጣውን የተወሳሰበ ጽሑፍ ልጅ በሚገባው ቋንቋ አሳጥራ ትጽፋለች፣ የመጨረሻውን ረቂቅ አንብባ ትፈርማለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ድስት ላይ ሽንኩርት እያማሰለች፣ በስልክ «ጋሼ፣ ወፏ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ አዙራት» አለችው። ጽሑፉ በቀኝ ዳር ነው፣ ወፏ ወደ ግራ ታያለች። እሱ ቸኩሏል። ወፏን ብቻ ለማዞር ላባዋን ከሸምበቆው መሃል አንድ በአንድ መለየት ነበረበት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሥዕሉን በሙሉ ለማዞር ግን ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ወፏ ዞረች፤ ከወፏ ጋር ሸምበቆው፣ ገደሉ፣ ዓሣው፣ ሐይቁ እንዳለ ዞረ። ሥራውን የሚወድ ሰው ነውና እያንዳንዱን መግለጫ እየለቀመ ከየሥዕሉ ሥር አዛወረው፤ ቀስቱንም ጭምር። ረቂቁ ሲደርሳት ከፊደል እስከ ነጥብ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ግራ ወይም ቀኝ የሚል ቃል አልነበረበትም። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሐይቅ የለም።

እሷ ክፉን ቀድማ የምታይ ሴት ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን እስከዛሬ መንገድ የምታሻግረው እጁን ይዛ ነው፤ ልጁ ጓደኞቹ እንዳያዩት ፊቱን አዙሮ ይሻገራል። ወንድሟ «ሟርቴ» ይላታል፤ ከጊዜ ብዛት ለሥራ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ስሟ ሆኖ ቀርቷል። የሰሌዳ ጫፍ ይከርከም፣ የሕፃን ዓይን ያወጣል ያለችው እሷ ናት። ወጣቶች ጸያፍ ነገር ይጽፉበታል፣ ቀለም የማይዝ ቅባት ይቀባ ብላ የተጨቃጨቀችው እሷ ናት። ጫኝ መኪናው ዳገቱ ላይ ፍሬን ይበጠስበታል ብላ የለመነችው እሷ ናት። አንዱም ደርሶ አያውቅም። ክፉ ነገር ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ለተጠነቀቀው ሰው አመስጋኝ የለውም፤ ስሙ ብቻ ይቀርለታል። ስለዚህ ወደ ጎብኚዎች ክፍል ኃላፊ ቢሮ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ ድምጿን አለዘበች። ከጮህኩ አይሰማኝም አለች በልቧ።

ቢሮው ውስጥ የውሃ ካርቶኖች እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ መቀስ አለ። ኃላፊው ክራባት ያሰረ፣ ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ጥቅል ሪባን በክንዱ እየለካ ሰማት።

«እህቴ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው፤ ካርታ አይደለም» አላት።

«ቀስት አለበት እኮ!»

«ቀስቱማ ያስለፋንን እኛ ነን የምናውቀው። ኮሚቴው ቢጫ ይሁን ቀይ ይሁን በሚለው ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል። አቅጣጫውን ያነሳ አንድ ሰው የለም።»

«ይነቀልና ሁለት ቀን ይስጡን።»

«በኮሚቴ የጸደቀ ሰሌዳ የሚነቀለው በኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነው። ነገ ካሜራ ይመጣል፣ ባዶ ብረት ላይ ሪባን ልቆርጥ ነው?» ከዚያ ፊቱ ፈካ አለ። «ደግሞ አስጎብኚ አለን አይደል? ነይ እስቲ አንቺ!»

በሩ ላይ ወረቀት ይዛ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ የነበረች ልጅ ገባች። ሰኞ ነው ሥራ የጀመረችው። ጥልቅ ያልሆነው በየት በኩል ነው ሲላት ዓይኗን ጨፈነች፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ ሳታዛንፍ አነበነበችው፣ መጨረሻው ላይ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«ይኸው» አለ ኃላፊው፣ «በቃሏ ይዛዋለች።»

«የያዘችው እኮ ስህተቱን ነው!»

ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ኃላፊው ሪባኑን አስቀመጠና ሴትየዋን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «የእርስዎ ልጅ ነገ አብሮ ይመጣል እንዴ?»

«አይመጣም።»

«ታዲያ?»

ይህችን «ታዲያ» ታክሲ ውስጥ ደጋግማ አኘከቻት። ሌላም ነገር ብሏታል፤ የሚቀሩት አሥራ ሁለት ሰሌዳዎች ለማን እንደሚሰጡ ገና እንዳልተወሰነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ባይነሳ ለወንድሟም እንደሚበጀው። እሱን ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች። «ታዲያ» ግን አንጀቷ ውስጥ ገብታ ቀረች። ልጅን የምትጠብቂው የራስሽ ሲሆን ነው እንደማለት ነው። መልስ የመጣላት ሁለተኛው ታክሲ ላይ ነበር፤ ጥሩ መልስ ነበር፣ ግን ለማን ይነገራል? ረዳቱን መልስ ስጠኝ እንኳ ሳትለው ወረደች።

ሥራ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የማተሚያው ነው፤ የቀለምና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከበሩ ይቀበላል፣ ግድግዳው ላይ የተበላሹ ሰሌዳዎች ተደግፈዋል፤ ጆሮው የተቆረጠ ዝሆን፣ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ሐምራዊ ሆኖ የወጣ ፏፏቴ። አንድ ላሜራ ባለፈው ዓመት ይገዛበት በነበረው ዋጋ ዛሬ ግማሹ አይገኝምና የተበላሸ አይጣልም፤ ጀርባው ይታተምበታል። የኋለኛው ክፍል ምሳ የሚበላበት ነው። ወንድሟና ሚስቱ ሩዝና ጎመን አቅርበው ተቀምጠዋል። ቆማ ነገረችው፤ ሳትጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱን ስታይ ወዲያው እንደገባው አወቀች፤ ስህተቱን ከእሷ ቀድሞ ያየው ያህል ጆሮው ቀላ። የገባው ሰው ደግሞ ካልገባው ይብሳል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

«አንቺ እኮ ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ የሚወስድሽ ሰው ነሽ» አለ። «ሰው ዓይን የለውም? ውሃና መሬት አይለይም?»

«ጋሼ፣ ሣር ነው የሚመስለው። ሄደህ እየው።»

«አሥራ ሁለት ሰሌዳ! የስድስት ወር እንጀራችንን በአንድ ወፍ ልታስበዪኝ ነው? ደግሞ አዙራት ያልሽኝ ማን ነው? አንብበሽ የፈረምሽውስ?»

«ወፏን አልኩህ እንጂ ሐይቁን መች አልኩህ!»

ሚስቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ጎመኑን አማሰለች። የሁለቱም እውነት ነበር፤ ያዘዘችውም የፈረመችውም እሷ ናት፣ በአቋራጭ ያዞረውም እሱ ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ድርሻ በአፋቸው ይዘው ሩዙን ያያሉ። ከአባታቸው ሞት ወዲህ እንዲህ ነው የሚጣሉት፤ አንዱ ጥፋት ሲሆን ለሁለት ይካፈሉታል፣ ከዚያ ማንም የራሱን አያነሳም። «ብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አለች ሚስቱ ለግድግዳው። ወንድሟ ተነሳ፣ የብሎን መፍቻዎቹን ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደና ወደ መኪናው ይዞት ሄደ። የሱቅ ታፔላ ሊለካ ነው የሚሄደው፤ ለመለካት መፍቻ አያስፈልግም። ሳጥኑን ለምን እንደወሰደው ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ።

መንቀል ካልተቻለ መሸፈን አይቀርም ብላ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ሥዕል፣ ሳይዞር በፊት የነበረውን፣ ፈልጋ አወጣችው። ወፏ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ትስጥ። ቀስቱን ወደ ግራ መለሰች፣ መግለጫዎቹን መለሰች፣ ለክታ በተለጣፊ ወረቀት አሳተመችው። ማተሚያው ሁለት ጊዜ ወረቀቱን አኝኮ ተፋው፤ በሦስተኛው ወጣ። ልጇ ከትምህርት ቤት መጣሁ ብሎ ደወለላት፤ ጎረቤት ቁጭ በል፣ ጋዙን እንዳትነካ፣ መስኮቱን ዝጋ፣ አትክፈት አይደለም ዝጋ ነው ያልኩህ አለችው። ተለጣፊውን ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ እንደገና ሁለት ታክሲ ያዘች። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስትደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፣ የግቢው ትልቅ በር በግማሹ ተዘግቷል።

ዘበኛው አዛውንት ናቸው፤ ድንጋይ ማውጫው ሥራ ላይ ሳለ ጀምሮ እዚያው የነበሩ።

«ተዘግቷል የኔ ልጅ። ነገ ነይ፤ ነገ በነፃ ነው።»

ነገረቻቸው። ሰው ሁሉ ሳያስጨርሳት ስለዋለ ሲያስጨርሷት ግራ ገባት፤ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ቀድመዋት ቁልቁል ወረዱ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሙ፣ በከዘራቸው ቀስቱን ነኩት።

«ትናንት ሲያስሩት ቆሜ አይቻለሁ» አሉ። «ነገሩ ከንክኖኝ ነበር። ግን የተማረ ሰው የሠራውን እኔ ማን ነኝና ብዬ ዝም አልኩ።»

«ምነው በተናገሩ አባባ!»

«ለማን? ለዚያ ለክራባቱ?»

ተለጣፊውን ፈታችው። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙላት፣ ሌላውን እሷ እየጠረገች አሳረፈችው። ከላይ ሲይዝ ከታች ይላቀቃል፣ ከታች ሲያዝ መሃሉ እንደ ሆድ ይነፋል። በመዳፏ ጫነችው፣ በቀሚሷ ጫፍ አሸችው፣ ትንፋሿን ሰጠችው። ሰሌዳው ምንም አይቀበልም። ትዝ ያላት ጉልበቷ ላይ ወድቆ ሲጠቀለል ነው፤ ቀለም እንዳይዝ፣ ተለጣፊ እንዳይዝ የሚያደርገውን ውድ ቅባት፣ ሁለት ጊዜ ይቀባ ብላ ወንድሟን ጨቅጭቃ ያስቀባችው እሷው ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ስትጠነቀቅ አንድ ጥንቃቄ ሠራ፤ እሱም በእሷ ላይ። መሳቅ አማራትና ሳል ሆነ። ሽማግሌው ምኑ እንዳሳቃት ባይገባቸውም ተለጣፊውን አንስተው አቧራውን አራገፉላት።

ለወንድሟ ስትደውል አላነሳም። ሁለተኛም አላነሳም። መልእክት ጻፈችለት፤ «ካልነቀልከው እዚሁ አድራለሁ። የልጄን ነገር አደራ።» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመኪናው መብራት ዳገቱ ላይ ታየ። በሩን እንደተከፈተ ትቶት ቁልቁል መጣ።

«ግቢ መኪናው ውስጥ።»

«አልገባም።»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ሰውየው ደውሎልኛል። ብታርፍ ይሻላታል ብሎኛል።»

«ጋሼ» አለችው፤ ቀኑን ሙሉ ስታለዝበው የዋለችው ድምፅ አሁን በራሱ ጊዜ ለዘበ። «ቀስቱ በሚልህ በኩል ሂድና ግባ። ጉልበትህን ካለፈ ትነቅለዋለህ፤ ካላለፈ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ሟርቴ ብለህ ስትጠራኝም አቤት እላለሁ።»

ሽማግሌውን አያቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። ወደ መኪናው ተመልሶ ባለ ሁለት ሜትሩን የአሉሚኒየም ማስመሪያ አወጣ፤ ሰሌዳ ሲያቆሙ ቁመት የሚለኩበት ነው። ቀስቱን ተከትሎ ሄደ፤ አረማመዱ ላይ እልህ ነበር፣ የሆነ ቦታ ላይ ግን እልሁ ቀነሰና በርከክ አለ። ከዳር ሆነው የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ነው። ማስመሪያውን አረንጓዴው ላይ አቆመና ገፋው። ገባ። ደግሞ ገፋው። ክንዱ እስከ ክርኑ ተከተለው፣ ቀጥሎ እስከ ትከሻው፤ ጉንጩ ቅጠሉን ነካ። ከዚያ እጁ ባዶውን ወጣ። ማስመሪያው በገባበት ቅጠሎቹ ለጥቂት ጊዜ ቀዳዳ ትተው ቆዩና መልሰው ገጠሙ። ሣር መሰለ።

ሲመለስ እጅጌው ይንጠባጠባል። ማንንም ሳያይ ሳጥኑን ከመኪናው አመጣ፣ ሰሌዳው ፊት ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ብሎን ያዘ። ሦስቱ ተፈቱ። አራተኛው ጥርሱ ተበልቶ አሻፈረኝ አለ፤ መፍቻው በተንሸራተተ ቁጥር ጣቱን ከብረቱ ያላትመዋል፣ እሱም በጥርሱ መሃል ይሳደባል፣ ማንን እንደሆነ አልታወቀም። እሷ ሰሌዳውን ከሥር ደገፈች። በመጨረሻ ተነስቶ በሁለት እጁ ጎተተው፤ ጥጉ ተሰንጥቆ፣ ወፏ ያለችበት በኩል፣ ተገነጠለ። ከዚህ ወዲያ መልሶ የሚያስረው የለም። እጁ ላይ ደም አለ፤ መሃረብ ሰጠችው፣ ተቀበላት።

እዚያው ቆሞ ለኃላፊው ደወለ። ስልኩን ከጆሮው አርቆ ስለያዘው የሰውየው ድምፅ ለሁሉም ይሰማል፤ ኮሚቴ፣ ካሜራ፣ ክብር፣ እና በመጨረሻ አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች፤ ባዶ ብረት ሆኖ ካደረ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።

«ይስጧቸው» አለ ወንድሟ። «ለሚወስደው ሰው ግን የቀኙን ጥልቀት ይንገሩት። እኛ ሁለት ሜትር ከትተን አልደረስንበትም።» እሷ ስልኩን ልትቀበል እጇን ዘርግታ ነበር፤ አዙራት ያልኩት እኔ ነኝ ልትል ነው። ስልኩን ዘጋው። «ተዪው» አላት፣ «እኔም ዓይን ነበረኝ።»

የስድስት ወር ሥራ ሄዷል፤ ነገ ሥራ ቤቱ ሲከፈት ሚስቱ ትሰማለች፣ ሠራተኞቹ ይሰማሉ፣ ጥፋቱም እንደተለመደው ለሁለት ይካፈላል። ሰሌዳውን በሁለት ጫፍ ይዘው ዳገቱን ወጡ። ክብደቱ ከታች በኩል ወዳለችው ወደ እሷ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቦታ ቀየራት። ሽማግሌው ቀድመው የዕቃ ቤቱን በር ከፍተው ጠበቁ። ዕቃ ቤቱ የመጥረጊያ፣ የተሰበረ ወንበርና የውሃ ቱቦ ክፍል ነው። ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርገው አቆሙት።

«ነገ በጠዋት መጥቶ መልሰህ እሰር ቢለኝስ?» አሉ ሽማግሌው።

ወንድሟ ሦስቱን ብሎኖች ኪሱ ውስጥ አንቃጨላቸው። «በምን ያስሩታል?»

«እሱስ ልክ ነህ። ልጆቹን እኔ በቀኝ በኩል ቆሜ እጠብቃለሁ። አስጎብኚዋንም ቀድሜ አናግራታለሁ፤ ልጅ ናት፣ ትሰማለች።» ጣውላውን በር ስበው ገጠሙት። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር በሁለት እጃቸው ነው ያዞሩት፤ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለተኛ ጮኸ። ከዚያ አውጥተው ወደ ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።

ወንድሟ መኪናው ጋ ደርሶ ነበር። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ቆመ፤ ተመለሰ።

«አባባ» አለ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ይግፉት። በደንብ ተቆልፏል?»

ሽማግሌው በትከሻቸው ገፉት። በሩ አልተነቃነቀም።